ቀይ የብርሃን መሣሪያ ከመግዛታችሁ በፊት

እናቴን ጉልበቷን ስለሚያማት አክስቴ ከአሜሪካ ቀይ ብርሃን የሚሰጥ መሣሪያ ይዛላት መጣች። አዘዞ ቤታችን ሶኬት ላይ ገና ከመሰካቱ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተን። ለ110 ቮልት የተሠራ ነበር፤ የእኛ መብራት 220 ነው። እናቴ ያን ቀን እንዴት እንዳዘነች አልረሳውም። ስለዚህ ከሁሉ በፊት ቻርጀሩ ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ አንብቡ፤ «100-240» ካለ እዚህም እዚያም ይሠራል።

ቀጥሎ የሞገድ ርዝመቱን፣ ማለትም የብርሃኑን ዓይነት የሚለየውን በናኖሜትር የሚጻፍ ቁጥር፣ እዩ። ለቆዳ ከ630 እስከ 660 ናኖሜትር፣ ጠለቅ ላለው ጡንቻና መገጣጠሚያ ከ810 እስከ 850 ያለው ነው የሚመረጠው። ሁለተኛው በዓይን እምብዛም አይታይም፤ አምፖሎቹ የጠፉ ቢመስላችሁ ተበላሸ ብላችሁ አትመልሱት። ቁጥሩን የማይነግራችሁ ሻጭ ግን ይቅርባችሁ።

ለቤት ሰፋ ያለው ፓኔል (አምፖሎች የተደረደሩበት ሰሌዳ) ጥሩ ነው፣ ጀርባን በአንዴ ይሸፍናል። እኔ ግን መብራት ቶሎ ቶሎ የሚጠፋበት ሰፈር ስለምኖርና ባሕር ዳር ስለምመላለስ፣ በዩኤስቢ የሚሞላውንና ጉልበት ላይ የሚጠመጠመውን መረጥኩ። በጋቢ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ እከተዋለሁ። በአውሮፕላን ከሆነ ባትሪው ከ100 ዋት ሰዓት (ባትሪው ላይ «Wh» ተብሎ የሚጻፈው የአቅም መለኪያ) አይብለጥ፤ በእጅ ሻንጣ ያዙት።

የዓይን መከለያ አብሮት ይኑር። ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት የምትወስዱ አስቀድማችሁ ሐኪም ጠይቁ። እናቴ ይህን የሚጠመጠመውን ማታ ማታ 10 ደቂቃ ታስረዋለች፤ ቀለል ይለኛል ትላለች፣ ሐኪሟ ያዘዘላትን ኪኒን ግን አላቋረጠችም።