አዲሱ የካርቦን ብስክሌት ለምን አልገራ አለ? ለጅማ ነጂዎች ችግርና መፍትሄ

ከብረት ወይም ከአሉሚኒየም ብስክሌት ወደ ካርቦን ኮርስ ብስክሌት የተሸጋገረ ሰው በመጀመሪያው ወር «ይህ ብስክሌት እንከን አለበት» ሳይል አይቀርም። ጅማ ውስጥ አብረውኝ ከሚነዱት ይህን ያላለ የለም፤ እኔም ብያለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የፍሬሙ ሆኖ አይገኝም። ወይ ብሎን በግምት ጠብቋል፣ ወይ ጎማ በግምት ተነፍቷል፣ ወይ ኮርቻ በግምት ተሰቅሏል። ብረት ግምትን ይችላል። ካርቦን መለካት ይፈልጋል። የራሳችሁን ምልክት ከታች ፈልጉና ከዚያው ጀምሩ።

ገና ሳይነዳ ፍሬሙ ላይ ምልክት ታየ

ብዙዎቻችን ብስክሌቱን የምናመጣው ከአዲስ አበባ ነው። 350 ኪሎ ሜትር ያህሉን መንገድ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ፣ በገመድ ተጠፍሮ ይመጣል። የሚጎዳው ታዲያ መንገዱ ሳይሆን ገመዱ ነው። የካርቦን ፍሬም የላይኛው ቱቦ ግድግዳ ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ቱቦው የተሠራበት የካርቦን ቃጫ በርዝመቱ ሲሳብ ብረትን ያስንቃል፤ ከጎን በአንድ ቦታ ሲጨመቅ ግን ይሰነጠቃል። ረዳቱ ሻንጣ እንደሚያስር በጉልበት ጎትቶ ካሰረው፣ አዲስ ብስክሌት ጅማ መናኸሪያ ሲደርስ ታሞ ሊወርድ ይችላል።

መፍትሄው ሁለቱንም ጎማ አውልቆ፣ ፍሬሙን በብርድ ልብስ ጠቅልሎ በካርቶን ማምጣት ነው። የጎማው መግቢያ ሹካ ባዶውን እንዳይጨመቅ በመካከሉ ልኩ የሆነ እንጨት አስገቡበት። የግድ መታሰር ካለበት ገመዱ የኮርቻውን ምሰሶ ይያዝ፤ ቱቦዎቹን አይንካ። ጥገና ላይ በመቆሚያ ሲያዝም እንዲሁ ነው፤ የሚያዘው ምሰሶው ብቻ ነው።

ኮርቻው እየነዳሁ ይወርዳል

ይህ የእኔ የመጀመሪያ ችግር ነበር። ጠዋት ወደ ሰቃ ስወጣ በልኬ የነበረው ኮርቻ ስመለስ ሁለት ጣት ያህል ወርዶ አገኘሁት። መርካቶ አካባቢ ወደሚሠሩ አንድ አባት ወሰድኩት። «ልጄ፣ ያልተቀባ ነገር ተጣብቆ ይቀራል» አሉኝና ምሰሶውን አውጥተው ግራሶ ቀቡት፤ ከዚያም ብሎኑን በረጅም ቁልፍ እስከ መጨረሻው አጠበቁት። ለብረት ቢሆን ልክ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሠሩትም በብረት ነው። በማግስቱ ግን ኮርቻው ይበልጥ ወረደ።

ግራሶ ካርቦንን ያንሸራትታል። ሲንሸራተት ደግሞ ሰው ብሎኑን ይበልጥ ያጠብቃል፤ በመጨረሻም ምሰሶው ወይም ፍሬሙ ራሱ ይሰነጠቃል። የሚያስፈልገው ለካርቦን የተሠራ የሚያሻክር ቅባት ነው። በውስጡ እንደ ጥሩ አሸዋ ያለ ደቃቅ ነገር አለው፤ በጣት ሲታሽ ይታወቃል። በዚያ ከተቀባ በትንሽ ጥበቃ ያዝ ያደርጋል። ግራሶ የነካውን ምሰሶና የፍሬሙን ውስጥ በአልኮል በደንብ ጠርጉ፣ አድርቁ፣ ቅባቱን በስሱ ቀቡ፣ ከዚያ ብሎኑን በልኩ አጥብቁ። በምሰሶው ዙሪያ ቀጭን ፕላስተር ለጥፋችሁ ልኩን ምልክት ካደረጋችሁ መውረዱንና አለመውረዱን በዓይን ታያላችሁ።

«በልኩ» ማለት ስንት ነው? ክፍሎቹ ላይ ተጽፏል። የኮርቻ ምሰሶ ማሰሪያም ሆነ የመሪው አንገት (መሪውን ከሹካው ጋር የሚያያይዘው ክፍል) ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ኒውተን ሜትር ነው የሚጠይቁት። 5 ኒውተን ሜትር ማለት 10 ሴንቲ ሜትር በምትረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 5 ኪሎ የሚሆን ነገር ማንጠልጠል ማለት ነው። በጣም ትንሽ ነው! በቡጢ የሚጨበጥ ረጅም ቁልፍ ይህን ሳይታወቅ በሁለትና በሦስት እጥፍ ያልፈዋል።

ትክክለኛው መሣሪያ ጥብቀቱን የሚለካ ቁልፍ ነው፤ ከብስክሌቱ ጋር አብራችሁ ግዙት፣ ከማንኛውም ጌጥ በፊት። እስኪገኝ ድረስ እኔ የተጠቀምኩበትን ልንገራችሁ። ጅማ ቡና የሚሸጥባት ከተማ ናትና ተንጠልጣይ ሚዛን አይጠፋባትም። ቁልፉ ላይ ከብሎኑ መሃል 10 ሴንቲ ሜትር ለክታችሁ በቀለም ምልክት አድርጉ፤ የሚዛኑን ሜንጦ እዚያ ላይ አስገቡ፤ ከቁልፉ ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን እንደሠራ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ክፍሉ ላይ የተጻፈው 5 ኒውተን ሜትር ከሆነ መርፌው 5 ኪሎ ላይ፣ 4 ከሆነ 4 ኪሎ ላይ ሲደርስ አቁሙ። እንደ ዋናው መሣሪያ ባይሆንም ከክንድ ግምት እጅግ ይሻላል። አራት ብሎን ያለበትን ቦታ በአንድ ጊዜ አትጨርሱ፤ በሰያፍ እየዞራችሁ ትንሽ በትንሽ አጥብቁ።

ጎማው እያንዳንዱን ጠጠር ወደ አጥንቴ ያደርሳል

ብዙ ነጂ ኮርስ ጎማ እንደ ድንጋይ ካልጠነከረ አይፈጥንም ብሎ ያምናል። 120 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ነፍቶ ወደ ኮብልስቶን ይገባል፤ ከዚያ «ካርቦን ይነዝራል» ይላል። ጎማው ከመሬቱ ጋር ከመስማማት ይልቅ እየዘለለ ነው። በሸካራ መንገድ ላይ ያ መዝለል ራሱ ፍጥነት ይበላል።

70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ25 ሚሊ ሜትር ጎማ ከ80 እስከ 85 ፒኤስአይ፣ በ28 ሚሊ ሜትር ከ70 እስከ 75 ቢጀምር ጥሩ ነው። የፊቱን ከኋላው ጥቂት ዝቅ አድርጉ። ዝናብ ሲሆን ከሁለቱም 5 ያህል ቀንሱ፤ ጅማ ደግሞ ዝናብ የማይለቃት አገር ናት። አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለኝ፦ አንዳንድ አዳዲስ የካርቦን ቸርኬዎች ጎማውን የሚይዝ ከንፈር የላቸውም። የእነዚህ ወሰን ብዙ ጊዜ 5 ባር ነው፤ 72.5 ፒኤስአይ ማለት ነው። ከዚያ ካለፈ ጎማው ተፈናጥሮ ሊወጣ ይችላል። ቸርኬው ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትንፉ።

አንዳንድ ሰው ከአዲስ አበባ ተነፍቶ የመጣ ጎማ ጅማ ሲደርስ ለስልሶ ሲያገኘው ከፍታውን ይወቅሳል። ጅማ ከአዲስ አበባ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ትላለች፤ በዚህ ልዩነት የሚቀንሰው 1 ፒኤስአይ አካባቢ ብቻ ነው። የቀረውን ያወጣው ጊዜው ነው፤ ቀጭን ጎማ በየቀኑ በጥቂቱ ይተነፍሳል። ስለዚህ ከመነዳቱ በፊት ሁልጊዜ ይለካ።

ጎሚስታው ንፋስ ማስገባት አቃተው

የኮርስ ጎማ አፍ ቀጭን ነው፤ የጎሚስታው ቱቦ ለመኪናና ለባጃጅ አፍ የተሠራ ነው። አንዲት ትንሽ የነሐስ መለወጫ ትበቃለች፤ በኪስ ያዟት። የጎማው አፍ ጫፍ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን ቀድማችሁ ፍቱ። ኮምፕረሰሩን ግን ራሳችሁ ያዙት፤ ይህን ጎማ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ያፈነዳዋል። የሚሻለው መለኪያ ያለው የእጅ ፓምፕ ነው።

መሪው ይቅበጠበጣል

መጀመሪያ ልማድ ይሁን ብልሽት ለዩ። የፊት ፍሬን ይዛችሁ ብስክሌቱን ወደፊትና ወደኋላ ነቅንቁ፤ ሌላውን እጃችሁን የመሪው አንገት ወደ ፍሬሙ በሚገባበት ቦታ ላይ አሳርፉ። ከጣታችሁ ሥር «ቋ፣ ቋ» የሚል ከተሰማ ኩሽኔቱ ላልቷል። የመሪውን አንገት የጎን ብሎኖች ፍቱ፤ የላዩን ክዳን መነቃነቁ እስኪጠፋ ብቻ አጥብቁ፤ መሪውን ከጎማው ጋር አስተካክሉ፤ በመጨረሻ የጎኖቹን በልካቸው አጥብቁ። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ የላዩ ክዳን ምንም አያጠብቅም።

ምንም የማይሰማ ከሆነ ጤነኛ ነው። የኮርስ ብስክሌት ሁለት ጎማዎች ተቀራርበው የሚቆሙት 1 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ለትንሽ እንቅስቃሴ ይታዘዛል። ክንዳችሁን አላሉ፤ ዓይናችሁን ከፊት ጎማው አንስታችሁ ራቅ ወዳለ ቦታ ጣሉ። በቁልቁለት ላይ መንቀጥቀጥ ከጀመረ መሪውን አንቆ መያዝ ያባብሰዋል፤ አንዱን ጉልበት ከላይኛው ቱቦ ጋር አጣብቁትና ቀስ ብላችሁ ፍጥነት ቀንሱ።

ሌላም ነገር አለ፦ በትንንሽ ፍሬሞች ላይ ቀስ ብላችሁ ስትታጠፉ የጫማችሁ ጫፍ ከፊት ጎማው ጋር ሊጋጭ ይችላል። ባጃጆች መካከል ተጣብቃችሁ ስትዞሩ የውጭኛው እግር ወደፊት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። ከፔዳሉ ጋር የሚጣበቅ ጫማ የምታደርጉም ባጃጅ ሲቆም ሳይሆን ሊቆም ሲያስብ እግራችሁን አውጡ።

ጉልበት ያማል፣ እጅ ይደነዝዛል

ከፊት በኩል የሚያም ጉልበት ብዙ ጊዜ ኮርቻው ዝቅ ማለቱን ይናገራል፤ ከኋላ በኩል የሚያም ከፍ ማለቱን። በባዶ እግር ከግድግዳ ጋር ቁሙ፤ ወፍራም መጽሐፍ በእግሮቻችሁ መካከል ወደ ላይ ጠበቅ አድርጉና ከወለሉ እስከ መጽሐፉ ጫፍ ለኩ። የተገኘውን በ0.883 አባዙ። 80 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 70.6 ይመጣል፤ ይህ ከፔዳሉ መዞሪያ መሃል እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። መነሻ ነው እንጂ መጨረሻ አይደለም። ከዚያ በኋላ በአንድ ጊዜ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ብቻ ለውጡና ጥቂት ቀን ንዱበት።

እጅ የሚደነዝዘው ክብደት ወደፊት ሲፈስ ነው። መጀመሪያ የኮርቻው አፍንጫ ወደታች አዘቅዝቆ እንደሆነ በውኃ ልክ እዩ። ከዚያ መሪው ሩቅ ወይም ዝቅ ያለ ከሆነ የመሪውን አንገት በአጭር መለወጥ ይረዳል። አንገትና ትከሻም የሚያርፉት በዚሁ ነው። ልኩ ሳይስተካከል 45 ኪሎ ሜትር ያህል ወደሚርቀው አጋሮ አትውጡ።

በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ሳምንት ማርሹ ይዘላል

አዲስ ሽቦ ቦታውን ሲይዝ ትንሽ ይላላል። በኋላ ማርሽ መቀየሪያው ላይ ያለችውን የእጅ ማስተካከያ ወደ ትልቁ ጥርስ መውጣት እምቢ ሲል በሰዓት አቅጣጫ ተቃራኒ፣ ወደ ትንሹ መውረድ ሲዘገይ በሰዓት አቅጣጫ ሩብ ዙር አዙሩ። ይህ ካልረዳ መቀየሪያውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው ትንሽ አሉሚኒየም ጎብጦ ሊሆን ይችላል። ፍሬሙን ለማዳን ሆን ተብሎ ለስላሳ የተደረገ ነው። ለእያንዳንዱ ሞዴል የተለየ ስለሆነ ከብስክሌቱ ጋር አንድ መለዋወጫ አብራችሁ ግዙ፤ ጅማ ላይ ሆናችሁ ስትፈልጉት ብስክሌቱ ለሳምንታት ሊቆም ይችላል።

ፍሬኑ ይጮሃል ወይም አይዝም

የዲስክ ፍሬን አዲስ ሲሆን መላመድ አለበት። ባዶ መንገድ ላይ ወደ 30 ኪሎ ሜትር በሰዓት ደርሳችሁ ሊቆም እስኪቃረብ ያዙት፤ ጎማውን ሳትቆልፉ 20 ጊዜ ያህል ደጋግሙ። ጩኸቱ የመጣው ሰንሰለት ዘይት ከተቀባ በኋላ ከሆነ ዘይቱ ዲስኩን ነክቷል፤ በአልኮል ጥረጉት፤ ሸራው ዘይት ከጠጣ ግን መለወጥ ነው። ቸርኬውን ራሱን የሚይዝ ፍሬን ከሆነና ቸርኬው ካርቦን ከሆነ ለካርቦን የተሠራ ሸራ የግድ ነው። ከወልቂጤ ወደ ጊቤ ወንዝ እንደሚወርደው ባለ ረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ሳትለቁ አትውረዱ፤ ቸርኬው ግሎ ይበላሻል። ጠንከር አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ እንደገና ይዞ መልቀቅ ነው።

ብስክሌቱ ቀላል ነው፤ እኔ ግን አልፈጠንኩም

ጽጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ ቱር ደ ፍራንስን ሲወዳደር ብስክሌቱ በውድድሩ ሕግ ከ6.8 ኪሎ በታች መሆን አይችልም ነበር። የእኛ 8 ኪሎ ቢሆን ከአሮጌው 2 ኪሎ ቀለለ እንበል። ነጂና ብስክሌት አንድ ላይ 80 ኪሎ ከሆኑ ያ 2.5 በመቶ ነው። ወደ ጅሬን ቤተ መንግሥት በሚያወጣው ዳገት 20 ደቂቃ የሚፈጅበት ሰው ቢበዛ 30 ሰከንድ ያተርፋል። ልብን የሚያስፈነድቅ አይደለም፤ ግን እውነት ነው። ዳገቱ ላይ እግር የሚያስቆም ከሆነ የኋላ ጥርሱን ተመልከቱ፤ ትልቁ 28 ከሆነ ወደ 32 መለወጥ ለጉልበትም ለትንፋሽም ይጠቅማል።

ወደቅኩ፤ የሚታይ ነገር ግን የለም

በጣም የምለምናችሁ እዚህ ላይ ነው። ብረት ሲጎዳ ይጎብጣል፣ ዓይን ያየዋል። ካርቦን ቀለሙ ሳይነካ ውስጡ ሊላቀቅ፣ ከዚያም ሌላ ቀን ቁልቁለት ላይ ድንገት ሊሰበር ይችላል።

ሰርቦ አቅራቢያ ከፊቴ የገባች ጥጃ ለማዳን ስል አስፋልት ላይ ተጋደምኩ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ብስክሌቱ ደህና መሰለኝ። ቤት ደርሼ አጠብኩት፤ በረንዳ ላይ አቁሜ በአንድ ብር ሳንቲም ከላይኛው ቱቦ ጀምሬ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ መታ መታ አደረግኩት። ጤነኛ ካርቦን ጥርት ያለ «ጢን» ይላል፤ የተላቀቀው «ዱብ» ብሎ ይደፈናል። ወደ መገጣጠሚያዎች ስትቀርቡ ግድግዳው ስለሚወፍር ድምፁ ይለወጣል፤ ስለዚህ የግራውን ከቀኙ ጋር አነጻጽሩ። ፍሬሜ ሁሉ ጢን አለ። ሹካውንም አውርጄ ወደ ፍሬሙ የሚገባውን ምሰሶ አየሁ፤ ንጹሕ ነው።

የቀረኝ መሪው ነበር። ጨርቁን ስፈታው፣ በቀኝ በኩል የፍሬኑ እጀታ በታሰረበት ሥር ፀጉር የምታህል መስመር ታየችኝ። ጥፍሬን ሳሳልፍባት ያዝ አደረገችው። ቀለም ብቻ ቢሆን ጥፍር አይይዝም። መሪውን በሁለት እጄ ጫን ስለው መስመሯ ተከፍታ ተዘጋች። በዚያ መሪ ላይ ተደግፌ ስንት ኪሎ ሜትር ወደ ቤቴ እንደተመለስኩ ሳስበው አሁንም ሰውነቴ ይሸመቅቃል።

የፍሬም ቱቦ ሙያው ባለው ሰው ሊጠገን ይችላል። መሪ፣ የመሪ አንገት፣ ሹካና የኮርቻ ምሰሶ ግን አይጠገኑም፤ ይለወጣሉ። እኔ የአሉሚኒየም መሪ አስገባሁ፤ ከበፊቱ የሚከብደው 100 ግራም ገደማ ነው፤ እስከ ዛሬም የምነዳው በእሱ ነው። የተሰነጠቀውን ማንም አንስቶ እንዳይገጥመው ሁለት ቦታ በመጋዝ ቆረጥኩት።