«ቪዲዮውን ማን አይቷል?» ስትሉ አዳራሹ ጸጥ ካለ

ፕሮጀክተሩ እንደሚሠራ፣ ማርከሩ እንዳልደረቀ፣ ሁሉም ሰው ቴሌግራም ግሩፑ ውስጥ እንደገባ አረጋግጣችኋል ብዬ ልነሳ። እኔ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

ፍሊፕድ ክላስሩም ወይም የተገለበጠ ክፍል ማለት ገለጻው አስቀድሞ በቪዲዮ ወይም በድምፅ ይላካል፣ አዳራሽ ውስጥ ሥራው ይሠራል ማለት ነው። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ጆናታን በርግማንና አሮን ሳምስ የሚባሉ የኬሚስትሪ መምህራን በ2007 እ.ኤ.አ. ትምህርታቸውን እየቀዱ ማስቀመጥ የጀመሩት ከክፍል ለሚቀሩ ተማሪዎች ብለው ነበር። የእነሱ ተማሪዎች ታዳጊዎች ነበሩ። እኛ የምናሰለጥናቸው ግን አዋቂ ሠራተኞች ናቸው፤ ልጅ ያሳድጋሉ፣ እቁብ ይጥላሉ፣ ማታ ደክሟቸው ነው ቤት የሚገቡት።

ችግር፦ ማንም ሳያይ ይመጣል

ደጋግሞ የሚያጋጥመኝ ይሄ ነው። ከ32 ሰው 4 እጅ ይወጣል። ከአራቱ አንዱ እጁን ያወጣው አለቃው አጠገቡ ስለተቀመጠ ነው።

አሰልጣኞች «ሰዎቹ ሰነፎች ናቸው» ይላሉ። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው አሰልጣኙ ራሱ ነው። እጅ ሲያንስበት ይደነግጥና «እሺ፣ ባጭሩ ልከልስላችሁ» ብሎ ፓወርፖይንቱን ይከፍታል። ያ ባጭሩ እስከ ሻይ ሰዓት ይዘልቃል። ሰልጣኙም ገባው፤ ባያይም ምንም አይመጣበትም። ያዩት ደግሞ ሞኝ ሆነው ቁጭ አሉ።

እኔም አድርጌዋለሁ። ለህብረት ሥራ ማህበራት የሂሳብ ሠራተኞች የባንክ ሂሳብ ማስታረቅን፣ ማለትም የራስን መዝገብና የባንኩን መግለጫ አመሳክሮ ማስማማትን፣ ሳሰለጥን የ40 ደቂቃ ቪዲዮ ላክሁ። የመጀመሪያውን ቀን ከለስኩ። በሁለተኛው ቀን አይታ የመጣችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። በሦስተኛው እሷም ተወችው። በእረፍት ሰዓት ጠጋ ብላ «መምህር፣ እርስዎ ደግመው የሚያስተምሩን ከሆነ እኔን ልጄን አስተኝቼ እስከ እኩለ ሌሊት ምን አስቀመጠኝ?» አለችኝ። ምን እላለሁ? ሻዬን ጠጣሁ።

መፍትሄው፦ አትከልሱ። ሰልጣኙ ገና በር ላይ እያለ አንድ ወረቀት ስጡት። የእኔ ወረቀት እንዲህ ይላል፦ በመዝገቡ 48,200 ብር አለ፣ የባንኩ መግለጫ 53,450 ይላል። ተጽፎ ገና ባንክ ያልቀረበ የ5,400 ብር ቼክ አለ። ባንኩ ደግሞ 150 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቆርጧል። አስታርቁ። ቪዲዮውን ያየ ሰው ቼኩን ከባንኩ፣ ክፍያውን ከመዝገቡ ይቀንስና ሁለቱም ጋ 48,050 ሲመጣለት ፈገግ ይላል። ያላየው ልዩነቱን 5,250 ብሎ ጽፎ እስክሪብቶውን ያኝካል።

ላላዩት ጥግ ላይ ጠረጴዛ አዘጋጁ። ቪዲዮውን እዚያው በስልካቸው አይተው ይመለሱ። ይህን መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ጥጉ ላይ 19 ሰው ተቀመጠ። በማግስቱ 6።

ማስጠንቀቂያ፦ ጥግ የተቀመጠውን ስሙን አትጥሩ፣ አትቀልዱበት። አዋቂ ሰው ከበታቹ ፊት ካፈረ ከሰዓት በኋላ አይመለስም።

ማስጠንቀቂያ፦ የምትልኩት ከ7 ደቂቃ አይብለጥ። የእኔ 40 ደቂቃ እብደት ነበር።

ማስጠንቀቂያ፦ «ትንሽ ብቻ ልከልስ» የምትለዋ ሐሳብ በየጠዋቱ ትመጣባችኋለች። እምቢ በሏት።

ስለ ቪዲዮው አንድ ነገር ልናገር፣ አንጀቴን ያሳርረኛልና። ባለሙያ ተብለው የሚቀጠሩ ሰዎች 20 ሰከንድ የሚሽከረከር ሎጎ፣ ጆሮ የሚበጥስ ሙዚቃ ጨምረው ፋይሉን የትየለሌ ያደርጉታል። ድምፁ ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስላል። ዳታውን የሚገዛው ሰልጣኙ ነው! የ6 ደቂቃ ድምፅ በሰከንድ በ32 ኪሎቢት ጥራት ቢቀዳ 1.4 ሜጋባይት ገደማ ነው። የወረቀቱን ፎቶ ጨምሩበት፤ በቂ ነው።

ችግር፦ 25 ዓመት የሠሩት ጋሼ እጃቸውን አጣምረው ይቀመጣሉ

የላካችሁላቸው የሚያውቁትን ነው። አሜሪካዊው የትምህርት ምሁር ማልኮም ኖውልስ ስለ አዋቂዎች ትምህርት ሲጽፍ ልምዳቸው ራሱ የመማሪያ ሀብት ነው ያለው ለዚህ ነው። ለእሳቸው ቪዲዮ አትላኩ። ከሁለት ቀን በፊት ደውሉና «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እናንተ ጋ የት ላይ ነው የሚበላሸው? አንድ ምሳሌ ይዘውልኝ ቢመጡ?» በሏቸው። አንድ ጋሼ ሦስት ወር ያስቸገራቸውን መዝገብ በፌስታል ጠቅልለው ይዘው መጡ፤ የከሰዓቱ ሥራችን እሱው ሆነ። ብቻ ሳትጠይቋቸው «ረዳት አሰልጣኝ» አድርጋችሁ አታስነሷቸው። ያ ሹመት አይደለም፣ ዱብ ዕዳ ነው።

ችግር፦ አዲስ ተመራቂዎቹ ሁሉንም አይተዋል፣ ሲሠሩ ግን ይሳሳታሉ

በእጥፍ ፍጥነት ነው ያዩት። ካዩ በኋላ በእጃቸው ሠርተው ፎቶውን ይላኩ።

ችግር፦ የገጠር ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ፋይሉን አልከፈቱም

ኔትወርክ ወይም መብራት የለም። ለስብሰባ ወረዳ ሲመጡ በሚሞሪ ካርድ ጫኑላቸው። ግሩፕ ላይ «አስታዋሽ» እየደጋገማችሁ አትጨቅጭቋቸው፤ መልእክቱም አይደርሳቸውም።

ችግር፦ ግሩፑ ላይ ማንም ጥያቄ አይጠይቅም

ኃላፊው ግሩፑ ውስጥ አለ። ለኃላፊዎች ሌላ ግሩፕ ክፈቱ።

አልፎ አልፎ ስልኩ ሞልቶ ፋይል የማይቀበል፣ ወይም ፊደሉ አንሶበት በመነጽርም የማያይ ሰው ይገጥማችኋል። የታተመ ወረቀት ስጡት።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ካላዩ አበሉን ተመልከቱ። የውሎ አበል የሚከፈለው አዳራሽ ለተቀመጡበት ነው፤ ቤት ለሚሠራው ሥራ ማንም አይከፍልም። ስለዚህ ጠዋት 2፡30 ይጀመር የነበረውን 3፡30 አድርጉትና ያቺን አንድ ሰዓት ለቪዲዮው ስጧቸው። አዘጋጁ ካጉረመረመ ፕሮግራሙ ላይ «የግል ጥናት» ብላችሁ ጻፉበት። እኔ እንደዚያ ነው የማደርገው፤ እስካሁን የጠየቀኝ የለም።