ባህር ዛፉን ያሳደገው ዘሩ ነው መሬቱ? በደሴና በኮምቦልቻ እንዴት እንደሚለይ

ቀጥ ብሎ የወጣ ባህር ዛፍ ሲታይ «ዘሩ ጥሩ ነው» ይባላል። ሥሩ ውሃ የሚያገኝበት ወይም ፍግ የሚጣልበት ጥግ ከሆነ ግን ያሳደገው መሬቱ ሊሆን ይችላል። ለመለየት ክሎን ያስፈልጋል፤ ክሎን ማለት ከአንድ ዛፍ ተቆርጠው ሥር ያወጡ ችግኞች ናቸው። ዘረ መላቸው አንድ ስለሆነ፣ በመካከላቸው የሚታየው ልዩነት ከዘር አይመጣም።

ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሁለቱ በጣም ቅርብ ሆነው ብርዱና ሙቀቱ ስለሚለያይ ለዚህ ሥራ የተመቹ ናቸው። ዝርያው ቀይ ባህር ዛፍ ይሁን፤ የነጭ ባህር ዛፍ ቁራጭ ሥር ለማውጣት በጣም ያስቸግራል።

አራት ዛፎች ይምረጡ፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለው ይሰይሟቸው። ጥቅምት ላይ ከመሬት 10 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው፣ ውሃ እንዳይተኛበት ሰያፍ ይቁረጡ። ከትልቅ ዛፍ ጫፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ሥር አያወጣም ለማለት ይቻላል፤ የሚያወጣው ከጉቶው የሚያቆጠቁጠው ለጋ ቡቃያ ነው።

ጥርና የካቲት ላይ ጠዋት በማለዳ ከየጉቶው 30 ቁራጭ ይውሰዱ፤ ርዝመቱ 8 ሴንቲሜትር፣ ሁለት ጥንድ ቅጠል ያለው። ቅጠሉን በግማሽ ይቁረጡ፣ ታችኛውን ጫፍ ሥር ማብቀያ ዱቄት ያስነኩ፣ በታጠበ አሸዋ ላይ ተክለው በላስቲክ ይሸፍኑ። ከውስጥ በኩል ላስቲኩ ላይ ጤዛ ካልታየ አየሩ ደርቋል። ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሥር ያወጣል።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ስህተት አለ። ወፍራም ቁራጭ ከቀጭኑ ቀድሞ ስለሚያድግ ልዩነቱ የዘር ይመስላል። ስለዚህ ከሁሉም ክሎን በውፍረትና በሥር ብዛት ተመጣጣኝ የሆኑትን 12፣ 12 ብቻ ያስቀሩ፤ ስድስቱ ለደሴ፣ ስድስቱ ለኮምቦልቻ።

በየቦታው መሬቱን ስድስት መደብ ያድርጉት፤ መደቡ በተዳፋቱ አግድም እንጂ ቁልቁል አይሂድ። በእያንዳንዱ መደብ ከሀ፣ ከለ፣ ከሐ፣ ከመ አንድ አንድ ይገባል፣ ቦታውም በዕጣ ይለያል። ሀን በሙሉ ላይ፣ ለን በሙሉ ታች መትከል ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል፤ አፈሩ ተጠርጎ ታች ስለሚከማች ለ ያለ አግባብ ያሸንፋል። ጉድጓዱ 40 በ40 በ40 ሴንቲሜትር፣ ርቀቱ 2 ሜትር፣ ተከላው ሐምሌ መጀመሪያ። ችግኙ የቆየበትን የፕላስቲክ ከረጢት አውልቀው የተጠማዘዘ ሥር ካለ ይቁረጡ። ዙሪያውን አንድ ረድፍ ሌላ ባህር ዛፍ ይትከሉ፤ ዳር ያለ ዛፍ ብርሃን ስለሚያገኝ መለኪያውን ያዛባል።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ ከመሬት 1.3 ሜትር ላይ፣ ተዳፋት ከሆነ ከላይኛው ጎን፣ የግንዱን ዙሪያ በሜትር ገመድ በሴንቲሜትር ይለኩና ለ3.14 ያካፍሉ፤ የግንዱ ውፍረት (ዲያሜትር) ይወጣል።

ንባቡ በመደብ ነው። ሀ በስድስቱም መደብ ለን ከበለጠ፣ የሚናገረው ዘሩ ነው። በአንዱ መደብ በልጦ በሌላው ካነሰ፣ ወይም የሀ ዛፎች ውፍረት እርስ በርስ ተለያይቶ አንዱ 6፣ ሌላው 9 ሴንቲሜትር ሆኖ በሀና በለ አማካይ መካከል ግማሽ ሴንቲሜትር ብቻ ካለ፣ የሚበረታው መሬቱ ነው፤ ገንዘቡን ከክሎን ይልቅ ለአፈርና ለአረም ያውሉት። ኮምቦልቻ ላይ አንደኛ የሆነው ደሴ ላይ መጨረሻ ከወጣ ደግሞ ዘሩና አካባቢው ተጋግዘው ነው የሚሠሩት፤ ያን ጊዜ ለሁለቱ ከተማ አንድ ክሎን አይፈለግም፣ ለየራሳቸው ይመረጥላቸዋል።