የሂሉክስ የኋላ አክስል ተቀይሮ ከተበየደ በኋላ የሚመጡ ችግሮችና መፍትሄያቸው

የቆየ ሂሉክስ ፒክአፕ ላይ የሌላ ሞዴል የኋላ አክስል መግጠም በጋራዦቻችን የተለመደ ሥራ ነው። ሶማሌ ተራ (አዲስ አበባ ያለው የመኪና ዕቃ ገበያ) ወርዶ ያገለገለ አክስል ከነዲፈረንሻሉ መግዛት አዲስ ኮሮናና ፒኞን (የዲፈረንሻሉን ትልቁንና ትንሹን ጥርስ) ከማስገባት ብዙ ጊዜ ይረክሳል። ነገር ግን ባሌስትራው (የተደራረበው የብረት ስፕሪንግ) በአክስሉ ላይ የሚያርፍባቸው መቀመጫዎች ርቀት ከመኪናው ጋር ላይገጥም ይችላል፤ ያን ጊዜ የድሮዎቹ በግራይንደር ተቆርጠው በአዲስ ቦታ ይበየዳሉ። መኪናው ከጋራዥ ወጥቶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ባለቤቱ ዕቃ ሻጩን ይወቅሳል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ መቀመጫዎቹ ሲበየዱ መኪናው በጎማው ቆሞ ተለክቷል ወይስ በክሪክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር? ከታች ካሉት ችግሮች የመጀመሪያው፣ ንዝረቱ፣ ብዙ ጊዜ መነሻው እዚያ ነው።

ነዳጅ ሲሰጠው ይንቀጠቀጣል

ንዝረቱ መቼ እንደሚመጣ ይለዩ። ፍጥነት ሲጨምር የሚመጣና ነዳጅ ሲለቀቅም የማይጠፋ ከሆነ የጎማ ወይም የዘንግ ባላንስ ይፈተሽ። ሲነሳ፣ ዳገት ሲወጣና ጭነት ሲይዝ የሚብስ ከሆነ ግን ፒኞኑ ያለ አግባብ ዘንበል ብሎ ሊሆን ይችላል።

ወጪ ከሌለው ነገር እንጀምር። ከካምቢዮ (ማርሽ ሳጥን) ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደው ዘንግ ተፈትቶ ሲመለስ በጥርሱ ላይ ተዛንፎ ሊገባ ይችላል። በዘንጉ ሁለት ጫፎች ያሉት የክሮቼራ (ዘንጉ እየታጠፈ እንዲዞር የሚያደርገው መስቀለኛ መገጣጠሚያ) ሹካዎች በአንድ መስመር ላይ መሆን አለባቸው። ተዛንፈው ከሆነ ማስተካከሉ ብቻውን ንዝረቱን ሊያጠፋው ይችላል። ሲፈታ በቀለም ምልክት ያደረገ ሰው እዚህ አይደርስም።

ይህ ደህና ከሆነ መኪናውን ሜዳ ላይ በጎማው አቁመው በአንግል መለኪያ ሦስት ቦታ ይለኩ፦ የካምቢዮውን መውጫ፣ ዘንጉንና ፒኞኑን። ዘንጉ ባለ ሁለት ክሮቼራ አንድ ወጥ ከሆነ በሁለቱ ክሮቼራዎች ላይ ያለው አንግል እኩል መሆን አለበት፤ ልዩነቱ ከ1 ዲግሪ ባይበልጥ ይመረጣል። ይህም የፒኞኑ መስመር ከካምቢዮው መውጫ ጋር ትይዩ ሲሆን የሚገኝ ነው። ባሌስትራ ነዳጅ ሲሰጠው ስለሚጠማዘዝ የፒኞኑ አፍንጫ ወደ ላይ ይነሳል። ስለዚህ መኪናው ቆሞ ሳለ አፍንጫው ከትይዩው 1 ወይም 2 ዲግሪ ዝቅ ቢል መልካም ነው።

ስህተቱ 2 ወይም 3 ዲግሪ ከሆነ በባሌስትራውና በመቀመጫው መካከል የሚገባ ሽብልቅ ይበቃል። የአሉሚኒየሙ ጭነት ሲበዛ ስለሚሰነጠቅ የብረቱን ይምረጡ። ከዚያ ካለፈ ሽብልቅ መደራረብ መፍትሄ አይደለም፤ መቀመጫው ተቆርጦ እንደገና ይበየዳል።

ሲበየድም ቅደም ተከተሉ ይከበር። መቀመጫዎቹ ሳይበየዱ በአክስሉ ላይ ይቀመጣሉ፤ ባሌስትራው ይወርድባቸዋል፤ ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት ዩ ቦልቶች በእጅ ብቻ ይጠብቃሉ። ጎማ ታስሮ መኪናው መሬት ላይ ይወርዳል፤ ባሌስትራው ቦታውን እንዲይዝ የኋላውን ጫን ጫን ያድርጉት። ከዚያ ትንሽ ክሪክ ከፒኞኑ አፍንጫ ሥር ገብቶ የሚፈለገው ዲግሪ እስኪነበብ ድረስ አክስሉን ቀስ ብሎ ያዞረዋል። ያን ጊዜ እያንዳንዱ መቀመጫ በአራት ነጥብ ብየዳ ብቻ ይያዛል። ሙሉ ብየዳው የሚሠራው አክስሉ እንደገና ወርዶ ነው።

የጎማው የውስጥ ጠርዝ ያልቃል፣ ኦይል ሲል አይበረክትም

አዲስ ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚከለክለው ቀለበት) ገብቶ ወዲያው ዘይት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሦስተኛ ሲል ከመግዛት በፊት የአክስሉ ቱቦ አለመጉበጡን ይመልከቱ። መቀመጫው በቱቦው ላይ ስለሚቀመጥ ብየዳው በሙሉ ያለው በላይኛው ገጽ ነው። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ ሲሰበሰብ የቱቦውን ጫፎች ወደ ላይ ይስባል። ጎማዎቹም አናታቸው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ ሰሚያሱም (ጎማውን የሚያዞረው የውስጥ ዘንግ) በሲሉ መሀል ለመሀል መዞሩ ይቀራል።

ለማረጋገጥ ሰሚያሶቹ ወጥተው ቀጥ ያለ ብረት ወይም የተወጠረ ክር በቱቦው ርዝመት ይለካበታል። ጥቂት የጎበጠ በፕሬስ ይቃናል። በጣም የጎበጠውን ግን ዛጎሉን (የአክስሉን ሙሉ ቤት) መቀየር እመክራለሁ፤ እየታሸ የተቃና ቱቦ በጭነት መኪና ላይ አላምንም።

መከላከሉ ይቀላል። በአንድ ትንፋሽ ዙሪያውን አይበየድም። 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ከቀኝ፣ ያንኑ ያህል ከግራ፣ ከዚያ ከፊት፣ ከዚያ ከኋላ፣ በመካከሉ እጅ እስኪያስቀምጥ ድረስ ይጠበቃል። ውሃ ማፍሰስ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ በድንገት የቀዘቀዘ ብየዳ ጠንክሮ ተሰባሪ ይሆናል፣ እንዲህ ያለው ብየዳ ጭነት ተይዞ ጉድጓድ ሲመታ ይሰነጠቃል። ቀለሙና ዝገቱ ብረቱ እስኪነጣ ተፍቆ፣ በ7018 ኤሌክትሮድ ቢሠራ ይመረጣል። ይህ ኤሌክትሮድ እርጥበት ይስባል፤ ፓኬቱ ተከፍቶ በክረምት የሰነበተ ከሆነ በምድጃ ሳይደርቅ አይሠራበትም። የተሰነጠቀ ብየዳ ላይ ደግሞ ደርቦ መበየድ ስንጥቁን መሸፈን ብቻ ነው። እስከ ጤናማው ብረት ተቆፍሮ መውጣት አለበት።

ከኋላ የማያቋርጥ ጩኸት

ነዳጅ ሲሰጥና ሲለቀቅ ድምፁ የሚለዋወጥ ከሆነ ኮሮናና ፒኞኑን፣ ኩርባ ላይ የሚለዋወጥ ከሆነ የጎማውን ኩሽኔታ (ቤሪንግ) ይጠርጥሩ። ከብየዳ በፊት ደህና የነበረ ኩሽኔታ ከብየዳ በኋላ ከጮኸ፣ የማሽኑ የመሬት ገመድ የት ታስሮ እንደነበር ይጠይቁ። ገመዱ ታምቡሩ (የፍሬን ከበሮው) ላይ ከታሰረ ኤሌክትሪኩ መንገዱን በኩሽኔታው በኩል ያደርጋል፤ ኳሶቹንም ይበሳሳል። መፍትሄው መቀየር ነው። ገመዱ ሁልጊዜ ከሚበየደው ቦታ አጠገብ፣ ራሱ ቱቦው ላይ ይታሰር።

ፎርባይፎር ሲገባ ይታነቃል

የፊትና የኋላ ዲፈረንሻል ጥርስ ቁጥር አልተስማማም። የፊቱ 4.100 (ጎማዎቹ አንድ ዙር ሲዞሩ ፒኞኑ 4.1 ዙር ይዞራል ማለት ነው) ሆኖ የኋላው 3.909 ከሆነ በደረቅ መንገድ ማርሹ ተቆልፎ አልወጣ ይላል፣ እያደርም ይሰብራል። አክስሉ ከመገዛቱ በፊት ሱቁ በር ላይ መቁጠር ይቻላል፦ በአንዱ ጎማ በኩል ተይዞ ሌላኛው ሁለት ሙሉ ዙር ሲዞር ፒኞኑ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይቆጠራል። አራት ዙርና የዙር አንድ አሥረኛ ያህል ከሆነ 4.100 ነው፤ አራት ሳይሞላ ከቀረ አይደለም። በራሱ የሚቆለፍ ዲፈረንሻል ከሆነ ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ኮሮናውንና ፒኞኑን ከፍቶ ጥርሳቸውን መቁጠር ነው። 41 በ10 ከሆነ 4.100 ይሰጣል።

ወደ ጎን ይሄዳል

ከባሌስትራው የፊት ቡሎን እስከ አክስሉ ድረስ ግራና ቀኝ ይለኩ። ልዩነት ካለ የባሌስትራው የመሀል ቡሎን ተሰብሯል ወይም የሚቀመጥበት ቀዳዳ ሰፍቷል። የሰፋ ቀዳዳ በብየዳ ተሞልቶ በልኩ ይበሳል። ዩ ቦልቶቹ አዲስ ይሁኑ፣ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ከተነዳም በኋላ እንደገና ይጠብቁ።

ባዶውን ሲሄድ የኋላ ፍሬን ይይዛል

በብዙ ሂሉክሶች ላይ ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርድ ቀጭን ዘንግ አለ። የመኪናው ጀርባ በጭነት ዝቅ ሲል ይህ ዘንግ በአንድ ቫልቭ አማካኝነት ለኋላ ፍሬን የሚሄደውን ግፊት ይጨምራል። አዲሱ አክስል ላይ ማሰሪያው ከቦታው ከፍ ብሎ ከተበየደ ቫልቩ ባዶውን መኪና እንደተጫነ ይቆጥረዋል፤ አስፋልቱ እርጥብ ሲሆንም የኋላ ጎማዎቹ ተቆልፈው መኪናው ይዞራል። አሮጌው አክስል ከመውረዱ በፊት የማሰሪያው ከፍታ ይለካ፣ ልኩም ይጻፍ። ያ ካለፈ ዘንጉ መኪናው ባዶ ሆኖ በጎማው ሲቆም በቀድሞው ቦታ እንዲያርፍ ማሰሪያው ይስተካከላል፤ ከዚያ የፍሬኑ አየር ወጥቶ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ይሞከራል።