ከርነሉ እምቢ ሲላችሁ፦ ሲስተም ኮል ላይ የሚገጥሙ ችግሮችና መፍትሄዎቻቸው

ቅዳሜ ቅዳሜ ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ከተማሪዎች ጋር ቁጭ ብለን ሊኑክስ ላይ ፕሮግራም እንጽፋለን። ልጆቹን ደጋግሞ የሚያስቸግራቸው የከርነሉን፣ ማለትም የሊኑክስን እምብርት፣ ሥራ ከራሳቸው ፕሮግራም መጥራት ነው፤ ይህ ጥሪ ሲስተም ኮል ይባላል። ከዚያ ያየሁትን ላካፍላችሁ።

«ፕሪንትኬን ጠራሁት፤ ሊንከሩ አላውቀውም አለኝ»

ፕሪንትኬ ከርነሉ መልእክት የሚጽፍበት ፈንክሽን ነው፤ ያለውም ከርነሉ ውስጥ ነው። ሊንከሩ የእናንተን ፕሮግራም የሚያያይዘው ከላይብረሪ (ከተዘጋጁ ፈንክሽኖች ስብስብ) ጋር እንጂ ከከርነሉ ጋር አይደለም። አድራሻውን ፈልጎ በቀጥታ ሊዘልበት የሞከረ ልጅ ነበር። ፕሮሰሰሩ እዚያው አስቆመው፤ ሰግመንቴሽን ፎልት፣ ማለትም ያልተፈቀደ ሜሞሪ የመንካት ስህተት። የከርነል ሜሞሪ ለተራ ፕሮግራም ዝግ ነው።

የጎንደር ሰው ይህ አይጠፋውም። ፋሲል ግቢ 12 በር አለው፤ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር እያለ እያንዳንዱ የራሱ ስም አለው። የሚገባው በበሩ እንጂ አጥር ተዘልሎ አይደለም። የከርነሉ በር ግን አንድ ነው፤ ጉዳያችሁን የሚለየው የምትይዙት የሲስተም ኮል ቁጥር ነው።

መፍትሄው፦ ስክሪን ላይ ለመጻፍ የላይብረሪው ፕሪንትኤፍ ወይም የመጻፊያው ሲስተም ኮል ራይት ይበቃል። የግድ ፕሪንትኬ ካስፈለጋችሁ የከርነል ሞጁል (ከርነሉ ውስጥ የሚጫን ኮድ) መጻፍ አለባችሁ።

«ምንም ሳይጽፍ ሰግመንቴሽን ፎልት አለኝ»

ይህኛው ቀን ሙሉ ያደክማል፤ ልብ ብላችሁ እዩልኝ። አንዲት ልጅ የድሮ የ32 ቢት አሴምብሊ ወስዳ ኢንት 0x80 የሚለውን የድሮ የከርነል መጥሪያ ትእዛዝ ብቻ በ64 ቢቱ ትእዛዝ በሲስኮል ቀየረችው። የሲስተም ኮል ቁጥሮቹና ሬጅስተሮቹ (የፕሮሰሰሩ ትንንሽ ማስቀመጫዎች) እንዳሉ ቀሩ። ፕሮግራም የሚጠራቸውን ሲስተም ኮሎች የሚያሳየውን ስትሬስ ከፍተን አየነው። ራይት መሆን የነበረበት መስመር ላይ ስታት (የፋይል መረጃ መጠየቂያ) የሚል ወጣ!

ነገሩ እንዲህ ነው። በ32 ቢት ራይት 4 ነው፣ ኤግዚት 1 ነው። በ64 ቢት ኢንቴል ላይ ግን 4 ስታት፣ 1 ደግሞ ራይት ነው። ስለዚህ ፕሮግራሙ «ልውጣ» ሲል ከርነሉ «ልጻፍ» ብሎ ሰማው። ሳይወጣ ቀረና ከኮዱ አልፎ ወደቀ።

መፍትሄው፦ ለመጻፍ አርኤኤክስ በሚባለው ሬጅስተር ላይ 1 አድርጉ፤ ለመውጣት 60። አርዲአይ፣ አርኤስአይ፣ አርዲኤክስ በቅደም ተከተል ለሲስተም ኮሉ የምትሰጧቸውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት አርጉመንቶች ይይዛሉ። አራተኛው የሚገባው አር10 ውስጥ ነው፤ አርሲኤክስንና አር11ን ሲስኮል ራሱ ያጠፋቸዋል። 64 ቢት አርም ላይ ደግሞ ራይት 64 ነው። ስለዚህ በሲ ቋንቋ ስትጽፉ ቁጥር በእጅ አትጻፉ፤ ሄደር ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ስሞች ተጠቀሙ።

«-14 መለሰልኝ፤ ኤርኖ ግን ዜሮ ነው»

ኤርኖን፣ ማለትም የስህተት ቁጥር የሚቀመጥበትን፣ የሚሞላው ላይብረሪው ነው። በአሴምብሊ ስትጠሩ ከርነሉ የሚመልሰው ስህተቱን በኔጌቲቭ ነው። 14 ማለት የሰጣችሁት አድራሻ ልክ አይደለም ማለት ነው። ፖይንተሩን ፈትሹ።

«ጌትቲአይዲ የለም ይለኛል»

ጌትቲአይዲ የትሬድ መለያ ቁጥር መጠየቂያ ነው። ከርነሉማ አለው፤ የሌለው ላይብረሪው ነው። የሲ ላይብረሪው ጂሊብሲ ያስገባው በስሪት 2.30 ነው። ወይ አሻሽሉት፣ ወይ ሲስኮል በሚለው የላይብረሪው ፈንክሽን ጥሩት። ኤርኖ 38 (ከርነሉ ይህን ሲስተም ኮል አያውቀውም) ከሆነ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከርነላችሁ አርጅቷል።

«ፋይሌ ጎደለ»

ራይት ከጠየቃችሁት ያነሰ ባይት ጽፎ ሊመለስ ይችላል። የመለሰውን ቁጥር እዩና የቀረውን በሉፕ ላኩ።