ይሉኝታ የሚያሠራን ስህተቶች፦ ሆም ሄልዝ ኤይድ ለምትጀምሩ

ዲሲና አካባቢው የሚኖር ሐበሻ፣ ከዘመድ ወይ ከጓደኛ ሆም ሄልዝ ኤይድ (አረጋውያንንና ሕሙማንን ቤታቸው ሄዶ የሚንከባከብ ሠራተኛ) የሆነ ሰው አያጣም። እኔም አንዷ ነኝ። የፌዴራሉ ሕግ ከሜዲኬር (በዋናነት የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ጋር ለሚሠሩ ቀጣሪ ኤጀንሲዎች ቢያንስ የ75 ሰዓት ሥልጠና ያዛል። እዚያ ማጠብ፣ ማልበስና ማንሳት ትማራላችሁ። አረጋዊን እምቢ ማለት ግን ማንም አያስተምራችሁም። ካየኋቸው ስህተቶች አብዛኞቹ ከስንፍና ሳይሆን ከዚህ የመጡ ናቸው።

የመጀመሪያው ከኬር ፕላኑ ውጭ መሥራት ነው። የኤጀንሲው ነርስ ለደንበኛው ምን እንደሚደረግ ጽፋ የምትሰጣችሁ ይህ ወረቀት የሥራችሁ ድንበር ነው። «ልጄ፣ ጥፍሬን ቁረጪልኝ» ሲሏችሁ ቀላል ነገር ይመስላል። ሰውየው ስኳር ካለባቸው ግን የእግር ጥፍር እንዳትነኩ። እግራቸው ደንዝዞ ሊሆን ስለሚችል ብትቆርጧቸውም አይሰማቸውም። ትንሿ ጭረት ቁስል ትሆናለች፤ ቁስሉ ሳይድን ቀርቶ እግር እስከማስቆረጥ ይደርሳል። የእናንተ ድርሻ ለብ ባለ ውኃ ማጠብ፣ በጣቶቹ መሃል ሳይቀር ማድረቅና መቅላት ወይ ቁስል ካያችሁ ለነርሷ መደወል ነው። ሎሽን ስትቀቡም የጣቶቹን መሃል ተዉት።

መድኃኒትም እንዲሁ ነው። ሕጉ እንደየስቴቱ ይለያያል፤ በብዙ ቦታ ግን የእኛ ሥራ ሰዓቱን ማስታወስና ውኃ ማቅረብ ነው። ከብልቃጡ መርጣችሁ፣ ቆጥራችሁ አትስጡ።

አሁን በጣም ወደሚያስጨንቀኝ ልምጣ። ሐበሻ አረጋዊ ስንይዝ ጾሙን እንደ ምስጢር እንይዝላቸዋለን። አንዲት እናት ነበሩ። በዐቢይ ጾም ጠዋት ኢንሹሊናቸውን ይወጋሉ፣ ከዚያ በሐበሻ አቆጣጠር እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም። «ለነርሷ እንዳትነግሪብኝ» ብለው አስምለውኛል። አንድ ቀን ሻሻቸውን ላስተካክል ስጠጋ ግንባራቸው በላብ ርሷል። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፤ ስማቸውን ጠርቼ ሳናግራቸው የሚመልሱልኝ ሌላ ነገር ነው። እርጅና ነው ብዬ ልተወው ነበር። ስኳራቸው ወርዶ ነበር። ግማሽ ብርጭቆ ጁስ ጠጥተው ከሩብ ሰዓት በኋላ ወደ ራሳቸው ተመለሱ። እኔ ግን ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

እንዲህ አድርጉ። ጾሙ ከመግባቱ በፊት ለነርሷና ለልጆቻቸው ንገሩ። ኢንሹሊኑን ከምግቡ ጋር ማስታረቅ የሐኪም ሥራ ነው። የንስሐ አባታቸውም ይጠየቁ፤ ቤተ ክርስቲያን ለታመመ ሰው ጾም ታቀላለች፣ ይህን ከካህን አፍ ሲሰሙት ደግሞ ይቀበላሉ። ስኳራቸው ወርዶ ነቅተው መዋጥ ከቻሉ ጁስ፣ ካልቻሉ ግን አፋቸው ውስጥ ምንም ሳትጨምሩ 911።

ሌላው የወደቀን ሰው ብድግ ማድረግ ነው። እኛ አገር ሰው ሲወድቅ እየጮኽን ነው የምናነሳው። አታንሷቸው። ዳሌ ተሰብሮ ከሆነ ማንሳቱ ያባብሰዋል፤ የእናንተም ወገብ አብሮ ይሄዳል። ባሉበት እንዲረጋጉ አድርጉ፣ የሚያማቸውን ጠይቁ። ደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሆነው ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ «ደህና ነኝ» ቢሉም 911 ደውሉ። ውስጥ ለውስጥ የሚፈስ ደም ዘግይቶ ነው የሚታወቀው። ኤጀንሲው የሚደወልለት ከዚያ በኋላ ነው።

መውደቁ ራሱ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከጥድፊያ ነው። ከአልጋ ወደ ዊልቸር ስታሻግሩ የሁለቱንም ጎማ ፍሬን ያዙ፣ ዊልቸሩን በጠንካራው ጎናቸው በኩል አስቀምጡ፣ እጃቸውን ሳይሆን ለድጋፍ ወገባቸው ላይ የታሰረውን ሰፊ ቀበቶ (ጌት ቤልት) ያዙ። ስትሮክ የመታቸውን ስታለብሱ ደግሞ የደከመው እጅ መጀመሪያ ይገባል፤ ስታወልቁ መጨረሻ ይወጣል። ይህችን ነገር ሳላውቅ አንድ አባት ሹራብ ባለበስኳቸው ቁጥር ትከሻቸውን ሳሳምማቸው ከርሜያለሁ። ዝም ብለው ነበር የሚችሉኝ።

ሰዓት ላይ መዋሸትም አለ። በ2016 የወጣ የፌዴራል ሕግ በሜዲኬይድ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች ያለው የመንግሥት ጤና መድን) የሚከፈል የቤት እንክብካቤ በኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲመዘገብ ያዛል። ማን ሠራ፣ ለማን፣ ምን፣ በየትኛው ቀን፣ የት፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት፤ ሁሉም ይያዛል። መንገድ ላይ ሆኖ «ገብቻለሁ» ማለት፣ ለጓደኛ መመዝገብ፣ ደንበኛው ሆስፒታል ተኝቶ እያለ ሰዓት መሙላት ማጭበርበር ነው። ቤተሰቡ «ግድ የለም፣ ሰዓቱን ሙይው፣ እኛ እንፈርማለን» ሊላችሁ ይችላል። ሊረዷችሁ ፈልገው ነው፤ ግን ሲመረመር የሚጠየቀው የእናንተም ስም ነው። የመኖሪያ ወረቀቱ ላላለቀለት ሰው ደግሞ ጣጣው ከሥራ ማጣት ያልፋል።

ወሬም ተጠንቀቁ። ከቅዳሴ በኋላ አንዷ «እማማ እንዴት ናቸው? ኩላሊታቸው ነው አሉ» ትላችኋለች። አስባ ነው። እናንተ ግን የያዛችሁትን ሰው ሕመም ከነርሷና ከተፈቀደለት ቤተሰብ ውጭ ለማንም አትናገሩ።

ስጦታም ቢሆን፣ ብሩ የምስጋና ቢሆንም፣ ተቀብሎ ዝም ማለት አይሆንም። አብዛኛው ኤጀንሲ ይከለክላል።

እምቢ ማለት ለሚከብዳችሁ፣ እኔን ያሳረፈኝ አንድ አነጋገር አለ፦ «እማማ፣ ነርሷን ጠይቄ ልንገርዎት።» አያስቀይምም፣ ክብራቸውንም አይነካም። ከዚያ እዚያው ፊታቸው ስልካችሁን አንሱና ደውሉ።