አዲስ የተበሳ ጆሮና አፍንጫ፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሔው

ጆሮ ወይም አፍንጫ ከተበሳ በኋላ የሚያጋጥሙ ችግሮች በአብዛኛው የሚመነጩት ቁስሉን ከሚነካካው እጅ፣ ከሚቀባበት ነገርና ከጉትቻው ብረት ነው። ለስላሳው የታችኛው የጆሮ ክፍል ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ሲድን፣ አፍንጫ ጥቂት ወራት ይወስዳል። ልም አጥንት ያለበት የላይኛው ጆሮ ግን ከ6 ወር እስከ አንድ ዓመት ሊፈጅ ይችላል። የውጩ ቆዳ ከውስጡ ቀድሞ ስለሚጠግግ፣ ቁስሉ የዳነ መስሏቸው ጉትቻ የሚቀይሩ ሰዎች ሕመሙን እንደ አዲስ ይቀሰቅሱታል።

ጥርት ያለ ወይም ነጣ ያለ ፈሳሽ ወጥቶ በቀዳዳው ዙሪያ ሲደርቅ። ይህ የመዳን ምልክት እንጂ በሽታ አይደለም። ቅርፊቱን በጥፍር መፋቅ አያስፈልግም፤ እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ በኖርማል ሳላይን (በፋርማሲ የሚሸጥ የጨው ውኃ) የራሰ ንጹሕ ጎዝ ለጥቂት ደቂቃ ቢያኖሩበት ረስቶ በራሱ ይለቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ይበቃል። «እንዳይጣበቅ አዙሪው» የሚለው የቆየ ምክር ቢቀር ይሻላል፤ ጉትቻው በዞረ ቁጥር ውስጥ ውስጡን የጀመረው አዲስ ቆዳ ይቀደዳል።

መግል ሳይኖር ቅላቱና ሕመሙ ሳምንታት ሲቆይ። መንስኤው አዘውትሮ የሚያስቆጣው ነገር ነው፦ አልኮል፣ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ፣ ከፀጉር የሚወርድ ቅቤና ቅባት፣ በተበሳው በኩል መተኛት፣ ነጠላ ወይም ሻሽ ሲያያዝ። አልኮልና ፐርኦክሳይድ ጀርሙን ብቻ ሳይሆን በመጠገግ ላይ ያለውንም ሕዋስ ይጎዳሉ። የጨው ውኃ ቤት ውስጥ መበጥበጥም ይቻላል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ ጨው ስለሚበዛበት ቁስሉን ያደርቀዋል። ጨው መጠኑ 0.9 በመቶ የሆነውን ሳላይን ከፋርማሲ መግዛት ከዚህ ሁሉ ያሳርፋል።

ማሳከክ፣ ሽፍታና ውኃ መቋጠር። ሽፍታው ጉትቻው የነካውን ቆዳ ተከትሎ ከሄደና ከማመም ይልቅ የሚያሳክክ ከሆነ፣ ኒኬል የተባለው ብረት አለርጂ መጠርጠር አለበት፤ በርካሽ ጉትቻዎች ውስጥ ኒኬል የተለመደ ነው። መፍትሔው ጉትቻውን ሰውነት ውስጥ ለሚተከሉ የሕክምና ዕቃዎች በሚውል የቲታኒየም ብረት ወይም 14 ካራትና ከዚያ በላይ በሆነ ከኒኬል ነጻ ወርቅ መተካት ነው። ብረቱ ሳይቀየር የሚቀባ ቅባት ሁሉ ጊዜያዊ ነው።

ጉትቻው ወደ ሥጋው ሲሰምጥ። የጉትቻው ዘንግ ለእብጠቱ አጥሯል ማለት ነው። ሳይውል ሳያድር በበሳው ባለሙያ ወይም በጤና ተቋም በረጅም ዘንግ ይቀየር።

ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል፣ የሚያቃጥል እብጠት፣ እየተስፋፋ የሚሄድ ቅላት። ይህ ኢንፌክሽን ነው። ብዙዎች መጀመሪያ የሚያደርጉት ጉትቻውን ማውለቅ ነው፤ ይሁንና ቀዳዳው ከላይ ከተደፈነ መግሉ መውጫ አጥቶ ውስጥ ሊቋጠር ስለሚችል፣ ሐኪም ሳያይ ባይወልቅ ይመረጣል። የላይኛው ጆሮ በተለይ ሊዘገይ አይገባም። ልም አጥንት የራሱ የደም ሥር ስለሌለው ኢንፌክሽንን የመቋቋም አቅሙ አነስተኛ ነው፤ ከተበላሸም የጆሮው ቅርጽ ለዘለቄታው ይለወጣል። በዚህ ቦታ ሱዶሞናስ የተባለው ባክቴሪያ በተደጋጋሚ ይገኛል። አሞክሲሲሊን ይህን ባክቴሪያ አያጠፋውም፤ ስለዚህ ከቤት የተረፈ እንክብል መዋጥ ጊዜ ከማባከን አያልፍም። ትኩሳት ወይም ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረ በዚያው ቀን ወደ ሕክምና መሄድ ያስፈልጋል።

ከቀዳዳው አጠገብ እብጥ ሲወጣ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚታይ ትንሽና ቀይ እብጥ አብዛኛውን ጊዜ ከመነካካትና ከብረቱ የመጣ በመሆኑ፣ መንስኤው ሲወገድ ቀስ በቀስ ይሟሽሻል። ኬሎይድ ግን ከዚህ ይለያል፦ ጠንካራ ነው፣ ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያድጋል፣ ብዙውን ጊዜም ከወራት በኋላ ይመጣል። በጥቁር ሕዝቦች ላይ በብዛት የሚታይ ሲሆን በዘርም ይወረሳል። የቆዳ ሐኪም በየተወሰኑ ሳምንታት የስቴሮይድ መርፌ እብጡ ውስጥ በመውጋት ሊያሳንሰው ይችላል፤ ያለ ተጨማሪ ሕክምና በቀዶ ጥገና ብቻ ከተቆረጠ ግን ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ከቀድሞው ይበልጣል። ስለዚህ እናቱ ወይም እኅቱ ኬሎይድ ያለባቸው ሰው፣ በተለይ የላይኛውን ጆሮ ከመበሳቱ በፊት ሐኪም ቢያማክር ይበጀዋል።